ባስ በጣና የለም፤ የባስ አጠማመድስ ለጣና ይሆናል?

በእጅ ስልክ ከሚዘዋወሩት ተንቀሳቃሽ ምስሎች መካከል የዓሣ ማጥመጃ ምስሎች ብዙ ተመልካች አላቸው። አንድ ሰው ትንሽ ጀልባ ላይ ቆሞ ዘንጉን ይወረውራል፤ ደማቅ ቀለም የተቀባች የፕላስቲክ ትል ውኃው ላይ ጠብ ትላለች፤ ጥቂት ቆይቶ ጀርባው አረንጓዴ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ዓሣ ውኃውን ሰንጥቆ ይዘላል። ሰውዬው ዓሣውን በመንጋጋው ይዞ ለካሜራው ካሳየ በኋላ መልሶ ይለቀዋል። ይህን የተመለከተ የባሕር ዳር ወይም የቁንዝላ ወጣት ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሣ አያስገርምም። ይህ ዓሣ በጣና አለ ወይ? ከሌለስ አምጥቶ መልቀቅ አይቻልም ወይ? ያችን የፕላስቲክ ትል ገዝቶ የወረወረ ሰው የእኛን ዓሣ ይይዝባታል ወይ?

በምስሎቹ የሚታየው ይህ ዓሣ ባስ ይባላል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ በጣና ባስ የለም። ሁለተኛው ጥያቄ በሌሎች አገሮች በተግባር ተሞክሮ መልሱን ያገኘ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሦስተኛው ግን የተሳሳተ ግምት የበዛበት ነው፤ አንዳንዱ ዕቃው ከተገዛ ዓሣው የትም ይያዛል ብሎ ያስባል፤ ሌላው ደግሞ የፈረንጅ ጨዋታ ስለሆነ ለእኛ ሐይቅ ምንም አይረባም ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

ባስ የሚባለው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ግራ ያጋባል፤ ከተማ ውስጥ ባስ ሲባል አውቶቡስ፣ ሙዚቀኞች ዘንድ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ይታሰባል። በዓሣው ዓለምም ቢሆን ስሙ አንድ ዓሣ ብቻ አያመለክትም፤ በባሕር ውስጥም ሆነ ጨው በሌለበት ውኃ የሚኖሩ፣ እርስ በርስ ዝምድና የሌላቸው በርካታ ዓሦች በዚሁ ስም ይጠራሉ። በምስሎቹ ላይ አዘውትሮ የሚታየው አፈ ሰፊው ባስ የሚባለው ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው ሰሜን አሜሪካ ነው። አፉ ሲከደን የመንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ መድረሱ ዋና መለያው ነው። አፈ ጠባብ የተባለው ዘመዱ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለና ድንጋያማ ውኃ ይመርጣል።

አፈ ሰፊው ባስ የሚኖረው በሐይቅ፣ በግድብና በዝግታ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ነው። በፀደይ ወራት ውኃው ሲሞቅ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ወለሉን በጅራቱ ጠርጎ ጎድጓዳ ጎጆ ያዘጋጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ከሄደች በኋላም ጫጩቶቹ እስኪበተኑ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን የአባትነት ጠባይ አንባቢ ቢያስታውስልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለ ጣና ዓሦች ስንነጋገር ልዩነቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በክብደት ረገድ እስካሁን የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የተመዘገበው ባስ 10 ኪሎ ግራም ጥቂት ያልፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ያጠመደው ሲሆን፣ ለ77 ዓመታት የሚስተካከለው ሳይገኝ ቆይቶ በ2009 ማናቡ ኩሪታ የተባለ ጃፓናዊ በቢዋ ሐይቅ አቻውን ይዟል። ሁለተኛው ዓሣ ከትውልድ ቦታው ውቅያኖስ ተሻግሮ ጃፓን መገኘቱ በራሱ ሌላ ታሪክ ነው።

ዓሣው የሐሰት ትል የሚነክሰው ለምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለት ቃላት መለየት ያስፈልጋል። ማባበያ የምንለው መንጠቆ ላይ የሚሰካ እውነተኛ ምግብ ነው፤ የምድር ትል፣ ሊጥ፣ ትንሽ ዓሣ። አስመሳይ ማባበያ የምንለው ደግሞ ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ በመልኩ ወይም በእንቅስቃሴው ምግብ የሚመስል ነገር ነው። የባስ አጠማመድ ጥበብ በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ላይ የተመሠረተ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን አልሰጥም ስትል፣ የጥጃው ቆዳ ጭድ ተጠቅጥቆበት ከፊቷ ይቆምላታል፤ ላሟም ሽታውንና ቅርጹን አይታ ትላሰዋለች፣ ትታለባለችም። ቆዳው ጥጃ ሊሆን አይችልም፤ የሚሠራው ግን ላሟ ጥጃዋን የምታውቅባቸውን ጥቂት ምልክቶች ስለያዘ ነው። አስመሳይ ማባበያም እንዲሁ ዓሣውን መምሰል አይጠበቅበትም፤ አዳኙ ዓሣ ምግቡን የሚለይባቸውን ምልክቶች ብቻ መያዝ ይበቃዋል።

እነዚህ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? አንደኛው የሚታየው ነው፤ ማለትም ብልጭታ፣ ጥላና ቅርጽ። ሁለተኛው በሰው አካል ላይ የሌለ ስሜት ነው። በዓሣ ጎን ላይ ከስንጥቡ፣ ማለትም ከመተንፈሻው፣ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ቀጭን መስመር አለ፤ በዚህ መስመር ላይ የሚገኙት ጥቃቅን ሕዋሳት የውኃውን መናወጥ ይለያሉ። በጨለማ ወይም በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ስትርገፈገፍ፣ አዳኙ ሳያያት በጎኑ ይሰማታል። ከብረት ቅጠል የተሠራችው ተሽከርካሪ ማባበያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ የምትሠራው ለዚህ ነው፤ ጸጥ ብላ የምትሰምጠው ለስላሳ ትል ግን በጠራ ውኃ ትሻላለች።

ሦስተኛው ነገር ቦታ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። ባስ እንደ ጭልፊት እየበረረ አያድንም፤ እንደ ድመት ከአይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ይጠብቃል። በወደቀ ግንድ ሥር፣ በሣር ጥግ፣ በድንጋይ ጥላ ወይም የውኃው ወለል በድንገት ቁልቁል በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ይቆማል። ምግቡ ስትቀርብለት ሰፊውን አፉን በቅጽበት ይከፍታል፤ ውኃው ወደ ባዶው አፍ ሲሮጥ ምግቧንም ይዟት ይገባል፤ ከዚያ ውኃው በስንጥቡ በኩል ይወጣል። አጥማጁ "ነከሰ" የሚለው እንግዲህ በአብዛኛው መንከስ ሳይሆን መምጠጥ ነው። ክሩ በጥቂቱ ከበድ ማለቱን ወይም ወደ ጎን መሄዱን የማያስተውል ጀማሪ፣ ዓሣው ማባበያውን ቀምሶ መልሶ ሲተፋው እንኳ አያውቅም።

በመጨረሻ የሙቀት ጉዳይ አለ። ዓሣ የራሱን ሰውነት አያሞቅም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ እርሱም ይዝላል፣ ምግብም እምብዛም አይፈልግም። የአሜሪካ የባስ አጥማጆች ስለ ወቅት አብዝተው የሚያወሩት በረዶ ከሚሠራበት ክረምት እስከ ሞቃቱ በጋ ድረስ የውኃው ሙቀት እጅግ ስለሚለዋወጥ ነው። የጣና ውኃ ግን ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። በእኛ ዘንድ የዓሣውን ኑሮ የሚለውጠው ዝናብ ነው።

በጣና የባስን ቦታ የያዘው ማን ነው?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ዓባይ ከባሕር ዳር ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጭስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር ገደማ ከፍታ ቁልቁል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ለጎብኚ ውበት፣ ለዓሣ ግን ግድግዳ ነው፤ ከታች ባለው ዓባይና በናይል የሚኖሩ በርካታ ዓሦች፣ ኃይለኛው ናይል ፐርች ጭምር፣ ወጥተው ጣና መድረስ አልቻሉም።

በግድግዳው ላይኛ ወገን የቀሩት በቁጥር ጥቂት ዓይነት ዓሦች ናቸው። በገበያ ላይ ሦስት ስሞች ይሰማሉ። ቆሮሶ ጠፍጣፋውና ብዙ ገዢ ያለው ሲሆን፣ በዋናነት በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ አረንጓዴ ነገሮችን ይመገባል፤ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ሪዛም፣ ሌሊት በወለሉ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ነው። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው፤ ቢልጫም ይባላል።

ነጭ ዓሣ በገበያ አንድ ስም ይኑረው እንጂ አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶችን ለይተዋል። የአባታቸውን ርስት እንደተካፈሉ ወንድማማቾች ሐይቁን ተከፋፍለውታል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ከወለሉ ጭቃ ትላትል ይለቅማል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ አንዱ ዕፅዋት ይግጣል፣ ስምንቱ ያህል ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። አፋቸውን የተመለከተ ሰው ልዩነታቸውን ያለ መምህር ያያል፤ አንዱ ከንፈሩ ወፍራምና ወደ ታች የዞረ ነው፣ ሌላው አፉ ወደ ላይ ያቀና ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እጅግ ሰፊ አፍ አለው።

አስገራሚው ነገር፣ የነጭ ዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው፤ ጥርሱ ያለው ከጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ የሚያመልጥ ዓሣ ይዞ ለመያዝ አይመችም፤ ስለዚህ በሌላው ዓለም ከዚህ ቤተሰብ ዓሣ አዳኝ ሆነው የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው። በጣና ግን ፏፏቴው ታላላቆቹን አዳኞች ስለከለከለ ቦታው ባዶ ነበር፤ ነጭ ዓሣም ባለው አፍ ገባበት። እንግዲህ ባስ በአሜሪካ ሐይቆች የሚሠራውን ሥራ በጣና የሚሠሩት እነዚህ አዳኝ ነጭ ዓሦች ናቸው።

ሥራቸው ይመሳሰል እንጂ አሠራራቸው ይለያያል። ከእነርሱ ብዙዎቹ አድፋጮች ሳይሆኑ በገላጣው ውኃ የሚያሳድዱ ናቸው፤ ምግባቸውም አብዛኛውን ጊዜ የጣት ርዝመት እንኳ የማትሞላ ትንሽ ዓሣ ነች። ስለዚህ "ማባበያህን ከሣሩ ጥግ ጣልና ጠብቅ" የሚለው የባስ ምክር በጣና ግማሹ ብቻ ይሠራል።

ታዲያ በጣና ዳር ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው ምን ይሻለዋል?

ከባስ አጥማጆች መውሰድ ያለብን ዕቃቸውን ሳይሆን ጥያቄያቸውን ነው፤ ዓሣው አሁን የት ነው? ምን እየበላ ነው? ውኃው ምን ያህል ይጠራል? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ የሚወረውር ሰው ክንዱን ያለማምዳል እንጂ ዓሣ አያጠምድም።

ለአዳኝ ነጭ ዓሣ የጣት ቁመት ያላት፣ ማንኪያ የምትመስል ብልጭ የምትል ብረት ወይም ተሽከርካሪዋ ቅጠል ከትልቋ የባስ ትል ትመረጣለች፤ ምክንያቱም ዓሣው የለመደው ትንሽና ፈጣን ምግብ ነው። ክሩን መጎተትም እንደዚያው ፈጠን ማለት አለበት፤ አልፎ አልፎ ለአፍታ ማቆም ደግሞ የደከመች ዓሣ ያስመስላል። ሐይቁ ዳር ጥልቀት ያለው ውኃ የሚቀርብበት ድንጋያማ ሥፍራ ከለስላሳው ጭቃማ ዳርቻ ይሻላል፤ የትንንሽ ዓሦች መንጋ ውኃው ላይ ሲርመሰመስና ወፎች ሲያንዣብቡበት ከታየ አዳኙም ከሥር እንዳለ መገመት ይቻላል።

ለቆሮሶ አስመሳይ ማባበያ መወርወር በአብዛኛው ጊዜ ማባከን ነው፤ ዓሣ አሳዶ የሚበላ አይደለምና። ትንሽ መንጠቆ፣ ሊጥ ወይም የምድር ትል፣ ጥቂት ትዕግሥትም ይበቃዋል። አምባዛ ደግሞ በማሽተት የሚመራ ስለሆነ ክሩ ላይ እርሳስ አስሮ ማባበያውን ወለሉ ላይ ማሳረፍና ሲመሽ መጠበቅ ያዋጣል፤ የአምባዛ ዘንግ ብቻውን የተተወ እንደሆነ ግን ዘንጉም ከዓሣው ጋር ይሄዳል።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ልጨምር። ጀማሪ ገንዘቡን በዘንጉና በመዘውሩ ላይ ያጠፋና በመንጠቆው ላይ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ከዓሣው ጋር የሚገናኘው መንጠቆው ብቻ ነው። የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ቢጎትቱት፣ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከያዘ ስለታም ነው። ቋጠሮም ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ መርጠብ አለበት፤ የናይለን ክር ደረቁን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቅና ይደክማል። ዓሣ ያመለጠው ብዙ ሰው ክሩ ቀጥኖ እንደበጠሰበት ይናገራል፤ ክሩን መርምሮ ቢያየው ግን የተበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ነው።

ሰዓቱ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እንዲሁም ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ብርሃኑ ሲደበዝዝ አዳኙ ዓሣ ከታዳኙ የተሻለ ያያል፣ ወደ ዳርም ይቀርባል። ጠዋቱ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ለትልቅ ጀልባም ያስቸግራል፤ በደንገል ታንኳ ለወጣ ጀማሪ ደግሞ አደገኛ ነው። ከደንገል ታንኳ ጋር ተወልደው ያደጉ የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ በተለይም የወይጦ ማኅበረሰብ አባላት፣ ውኃውን አይተው መቼ መመለስ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የሩቅ ሰው ይህን ከእነርሱ መጠየቅ አያሳፍረውም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገሉ ጥግ ጉማሬ ስላለ በማታ ብቻን መቆም አይገባም። እግር ነክሮ መቆምም ቢሆን ቢልሃርዝያ ሊያመጣ ይችላል፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ ማጥመድ ይህንን ያስቀራል። እምቦጭ ባለበት ደግሞ፣ በይበልጥ በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ መንጠቆው የሚያጠምደው አረሙን ነው።

በክረምት የወንዝ መግቢያ ላይ ዓሣው ይበዛል፤ ለምን እዚያ አይጠመድም?

ከባስ አጠማመድ ወደ ጣና ሲመጣ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ባስ እንቁላሉን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ጥሎ አባቱ ይጠብቀዋል ብለናል። ከጣና ነጭ ዓሦች መካከል ብዙዎቹ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በጎጃም በኩል ዋናው መንገዳቸው ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ሐይቁ የሚገባው ግልገል ዓባይና ገባሮቹ ናቸው። ድፍርሱን ዋና ወንዝ አልፈው ጠጠር ወለል ያላቸውን ንጹሕ ትንንሽ ጅረቶች ይፈልጋሉ፤ በጠጠሩ መካከል ያለፈው ንጹሕ ውኃ እንቁላሉን አየር ስለሚያደርሰው ደለል ባለበት ቦታ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። እንቁላሉን የሚጠብቅ ወላጅ የለም፤ ዓሣው ጥሎ ይመለሳል።

ከመውጣታቸው በፊት ግን በወንዙ መግቢያ ላይ ይሰበሰባሉ። የንግሥ ዕለት ሕዝቡ ሁሉ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚገባ ማሰብ ይቻላል፤ ሌላ ጊዜ በሰፊው አገር ተበትኖ የሚኖር ሁሉ በዚያች ሰዓት በጠባቡ በር ያልፋል። በዚያ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የአንድ ቀን ዓሣ ብቻ አይወስድም፤ በሆዷ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል የያዘችውን እናት ስለሚወስድ ከዓመታት በኋላ የሚጠመደውን ጭምር ይወስዳል። ነጭ ዓሣ ደግሞ ለመውለድ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት የሚወስድበት ስለሆነ ጉድለቱ ቶሎ አይሞላም።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ የክር መረብ የሚሠራ አስጋሪነት በጣና ተጀመረ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ወንዙ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ የመጨመር የቆየ ልማድ አለ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ዓሣው አየር እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይገድላል። ከእርሻ የሚታጠበው አፈር ጠጠሩን ይሸፍናል፣ እንደ ቆጋ ያሉ ግድቦችም ለመስኖ ጥቅማቸው የማይካድ ቢሆንም የዓሣውን መንገድ ይዘጋሉ።

አንድ መንጠቆ ከአንድ መረብ ጋር አይወዳደርም፤ ይህንን አልክድም። ሆኖም ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው በክረምት ከግልገል ዓባይ መግቢያ ርቆ ቆሮሶና አምባዛ ቢያጠምድ የሚቀርበት ነገር የለም። የፍልሰታ ጾም በነሐሴ ስለሆነ፣ በጾም ወራት የዓሣ ገበያው ሞቅ የሚልበት ጊዜና ነጭ ዓሣ የሚራባበት ጊዜ በአንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ገዢው በዚያ ወር ነጭ ዓሣውን ትቶ ቆሮሶ ቢጠይቅ ለሐይቁ ያግዘዋል እላለሁ።

ባስን አምጥተን ጣና ብንለቀውስ?

ጎብኚ ይመጣል፣ ውድድር ይዘጋጃል፣ ገቢ ይገኛል የሚል ሐሳብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ያምራል። ይህንኑ ሐሳብ በጓቲማላ ሞክረውታል። አቲትላን የሚባል በተራራ መካከል ያለ ውብ ሐይቅ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጎብኚ አጥማጆችን ለመሳብ ባስ ተለቀቀበት። ባሱ የሐይቁን ትንንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች በላ፤ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚኖር፣ መብረር የማይችል አንድ የውኃ ወፍም ምግቡን ተሻማበት፣ ጫጩቶቹንም ጭምር በላበት። ሌሎች ችግሮችም ተጨምረውበት ወፉ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ከምድር ጠፋ።

ጃፓን ባስን ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ ሰዎች ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እያጓጓዙ አሠራጩት። ዛሬ አገሪቱ ባስን በጎጂ መጤ ዝርያነት መዝግባ ማራባቱንና በሕይወት ማጓጓዙን በሕግ ትከለክላለች፤ ከሐይቆቿ ለማስወጣትም ገንዘብ ታወጣለች።

ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፊሊፒንሱ ላናኦ ሐይቅ ነው። እዚያም እንደ ጣና ከአንድ ቤተሰብ የወጡ፣ በሐይቁና በመውጫ ወንዙ ብቻ የሚኖሩ 17 ዓይነት ዓሦች ነበሩ። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ከመጠን ያለፈና አጥፊ አጠማመድም ታክሎበት፣ ጨረሷቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ17ቱ 15ቱ መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የዓሣ ቤተሰብ አንድ ሐይቅን እንዲህ በስፋት የተከፋፈለ ስብስብ ተሟልቶ የሚገኘው በጣና ነው፤ ሐይቁና አካባቢውም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው።

የጣና ትንንሽ ዓሦች እንደ ባስ አድፍጦ የሚመጥጥ አዳኝን አልለመዱም። በዚህ ላይ ከውኃ ውስጥ መልሶ የማውጣት ዘዴ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ የለም። በበርሜል ያመጣውን ዓሣ በአንድ ሌሊት የሚለቅ ሰው የሚሠራውን ሥራ ሌላ ሰው በሕይወት ዘመኑ ሊያፈርሰው አይችልም።

የያዙትን ዓሣ መልቀቅስ ምን የሚሉት ነው?

በእኛ ዘንድ ዓሣ ለመበላት ይያዛል፤ ይዞ መልቀቅ ከልጅ ጨዋታ የሚቆጥረው ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካም በባስ አጥማጆች ውድድር የያዙትን መልሶ የመልቀቅ ልማድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት እነርሱም ይዘው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። ለጣና ሁሉም ዓሣ ይለቀቅ የሚል የለም። ለራት የሚሆን ቆሮሶ ይዞ መሄድ ሐይቁን አይጎዳም፤ መለቀቅ ያለባቸው ገና ያልደረሱት ትንንሾቹና በመራቢያ ወቅት እንቁላል የያዙት ነጭ ዓሦች ናቸው። ለሽያጭ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ይጠይቅ።

የሚለቀቅ ዓሣ እንዲኖር የሚለቀቅበት መንገድ ወሳኝ ነው። ከመንጠቆው ጫፍ ኋላ ያለችውን እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ ተጭኖ ማስተኛት አወጣጡን ያቀልላል። ዓሣውን በደረቅ እጅ ወይም በጨርቅ መያዝ ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋልና እጅን አስቀድሞ ማራስ ያስፈልጋል። ጣትን ወደ ስንጥቡ ማስገባት ሳንባን በእጅ እንደመጨበጥ ነው። መንጠቆው ወደ ጉሮሮ ከወረደ ጎትቶ ከማውጣት ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ ይሻላል። በምስሎቹ ላይ እንደሚታየው በመንጋጋ አንጠልጥሎ መያዝም ለነጭ ዓሣ አይሆንም፤ ወደ ፊት የሚዘረጋው አፉ ስስ ስለሆነ የሰውነቱን ክብደት አይሸከምም፤ ሆዱን በሌላው እጅ መደገፍ ይገባል።

አምባዛ ለብቻው ነው። ከጭንቅላቱ ኋላ በሁለቱም ክንፎቹ ላይ ስለታም እሾህ ስላለው እጅ ይወጋል፤ ከአየር ላይ መተንፈስ የሚያስችል ተጨማሪ አካልም አለው፤ ጆንያ ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ ገበያ ሲደርስ እንኳ የሚንፈራገጠው ለዚህ ነው። ነጭ ዓሣ ግን ይህ አካል የለውም፤ ፎቶ ግራፍ መነሣት የሚፈልግ ሰው ካሜራውን አስቀድሞ ያዘጋጅና ዓሣው ውኃው ውስጥ እንዳለ ይጠብቀው።